ሳንቲም «ዛገ» ሲባል

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ጭቃ ውስጥ ያገኘኋትን አረንጓዴ አስር ሳንቲም ያየ ሁሉ «ዝጋለች» አለኝ። አልዛገችም። ዝገት የብረት ነው፤ ቀላ ብሎ ይፈረፈራል። የ1969ኙ አስር ሳንቲም ናስ ነው፣ ናስ ውስጥ ደግሞ መዳብ አለ፣ ያ መዳብ ከእርጥበት፣ ከአየርና ከእጃችን ላብ ጋር ሲቆይ ነው አረንጓዴ የሚያወጣው። በኋላ ከወጡት ግን ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው ብቻ የተለበጠ አሉ፤ ልባጡ አንዴ ከተጫረ እርጥበት ከስር ይገባና ዝገቱ ላዩን ያሳብጠዋል። ማግኔት አስጠጉ፣ ከሳበው ብረት አለበት። ታዲያ ያበጠውን «ሲሠራ የተሳሳተ፣ ብርቅ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ እንዳትሸወዱ፣ ጉዳቱ የመጣው ኪስ ለኪስ ሲዞር ነው። በሎሚና በአመድ መፈተጉም ይቅርባችሁ፣ ጭራሽ ይላጣል።