«የብሩስ ዘር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዓባይን ፍለጋ ጎንደር ድረስ የመጣው የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጀምስ ብሩስ ስም በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «የስኮትላንዱ ንጉሥ የሮበርት ብሩስ የልጅ ልጅ እኮ ነው» ይላል። ሌላው ተቀብሎ «ብሩስ አባቱ ነው፤ ትልቅ መስፍን ነበር» ይላል። ሦስተኛው የታወቁ ብሩሶችን ዝርዝር ያመጣና ከመጨረሻው ላይ ብሩስ ሊን ይለጥፍበታል። ሰውዬው ጎንደር ምን እንዳደረገ፣ ግሽ ዓባይ መቼ እንደደረሰ፣ መጽሐፈ ሄኖክን በስንት ቅጂ እንደወሰደ ብዙ ስለተጻፈ እሱን አልነካም። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ስሙ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ ብሩስ የቦታ ስም ነው። በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ በኮቶንቶን ልሳነ ምድር ዛሬ ብሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከዚያ የተነሳ ሮበርት የሚባል ባላባት «ሮበርት ደ ብሩስ» ተባለ፤ የብሩሱ ሮበርት ማለት ነው። ይህ ሰው እንግሊዝን ከወረረው ከድል አድራጊው ዊልያም ጋር በ1066 እንደመጣ የሚጻፈውን አትመኑ። እንግሊዝ ውስጥ መሬት ይዞ የምናገኘው ዘግየት ብሎ፣ በእንግሊዙ ንጉሥ በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን፣ በዮርክሺር ነው። ከዚያ በ1124 የስኮትላንዱ ንጉሥ ቀዳማዊ ዴቪድ በደቡብ ስኮትላንድ ያለውን አናንዴልን ሰጠው። በ1138 እንግሊዝና ስኮትላንድ ሲዋጉ አባት ወደ እንግሊዝ አደላ፤ ታናሽ ልጁ፣ እሱም ሮበርት፣ አናንዴልን ይዞ ከስኮቶቹ ጋር ቀረ። ታላቁ ልጅ አዳም የዮርክሺሩን ወረሰ። ስለዚህ ገና በሁለተኛው ትውልድ የእንግሊዝ ብሩስና የስኮትላንድ ብሩስ ተለያይተዋል።

እንግሊዝኛው «ሮበርት ዘ ብሩስ» የሚለው «ደ»ን አሳስቶ በማንበብ የመጣ ነው፤ «ዘ» የሚለው መስተአምር እዚያ ቦታ ምንም ሥራ የለውም። የሚገርመው፣ ይህንን ስህተት እኛ በፊደላችን ስንጽፈው መልሶ ይቃናል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «ሮበርት ዘብሩስ» ብሎ ያነበዋል፤ የብሩስ የሆነው ሮበርት። ትክክለኛው ትርጉም ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ተሳስተን ደረስንበት ማለት ነው።

ስሙ እንዴት እንደሚሄድ ለማስረዳት ከርስት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ተነስቶ እስከ ዋናው አባት ይቆጥራል። መሐል ላይ ሴት ብትገኝ ቆጠራው አይበጠስም፤ በእናትም በአያትም በኩል መጠየቅ ይቻላል። ዋናው አባት መሬቱን የያዘበት ስም ነው፤ ከስሙ ሥር የሚሰለፉት ግን በወንድ ዘር ብቻ የተያያዙ አይደሉም። የስኮትላንድ ባላባት ስምም እንዲሁ መሬት ተከትሎ ይሄዳል፤ መሬቱ በሴት በኩል ካለፈ ስሙም አብሮ ያልፋል።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋበት። የ1124ቱ ስጦታ ጉልት እንጂ ርስት አልነበረም። ንጉሥ ለአገልግሎት የሰጠው ግዛት ነው፤ በኋላም የስኮትላንዱ ንጉሥ ዊልያም ሲያጸናው የአሥር ፈረሰኛ አገልግሎት ተቆርጦበታል። ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ርስተ ጉልት ሆነ። አንድ ቦታ ላይ ግን ምሳሌው ይሰበራል። የእኛ ርስት ለልጆች ሁሉ ይደርሳል፤ የስኮትላንዱን መሬት ግን የበኩር ልጅ ጠቅልሎ ይወስደዋል። ታናናሾቹ ስሙን ብቻ ይዘው ወታደር፣ ነጋዴ፣ ቄስ ይሆናሉ። ለዚህ ነው ስሙ የበዛው፣ መሬቱ ግን ጥቂቶች እጅ የቀረው። በዚህ ላይ በጌታ ጥላ ሥር የኖሩ ጭሰኞችና አሽከሮች የጌታቸውን ስም መያዛቸው የተለመደ ነበር። ብሩስ የሚባል ሰው ሁሉ ከአናንዴሉ ሮበርት ይወለዳል የሚለው እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ንጉሡ። ሮበርት ብሩስ በ1274 ተወለደ፤ በ1306 ስኩን ላይ ዘውድ ጫነ፤ በ1314 ባኖክበርን ላይ የእንግሊዝን ጦር ሰበረ፤ በ1329 ሞተ። ለዙፋኑ ያቀረበው መብት ራሱ በሴት በኩል የመጣ ነው። አያቱ በ1291 እና 1292 ከጆን ባሊዮል ጋር የተከራከሩት በእናታቸው፣ በሃንቲንግደን ኤርል (ኤርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ልጅ በኢዛቤል በኩል ቆጥረው ነው። ንጉሡ ከጋብቻ የወለደው ወንድ ወራሽ ዳግማዊ ዴቪድ በ1371 ያለ ልጅ ሞተ። ያኔ ዙፋኑ ወደ ማን ሄደ? ወደ ንጉሡ ሴት ልጅ፣ ወደ ማርጆሪ ልጅ። ማርጆሪ ያገባችው ዋልተር ስቱዋርትን ነበር። ስቱዋርት የሹመት ስም ነው፤ ከቤተ መንግሥታችን «አዛዥ» ጋር ይቀራረባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የንጉሥ ሮበርት ደም እስከ ዛሬው የብሪታንያ ንጉሥ ድረስ ይወርዳል፤ ስሙ ግን አብሮ አልወረደም። ስሙን የያዙት ደግሞ በሕጋዊ የወንድ መስመር ከንጉሡ የሚወለዱ ሊሆኑ አይችሉም፤ መስመሩ በ1371 ተዘግቷል።

ታዲያ ዛሬ ያሉት ባላባት ብሩሶች ከየት መጡ? አብዛኞቹ የሚቆጥሩት እስከ ክላክማናን ግዛት ብሩሶች ነው። በ1359 ዳግማዊ ዴቪድ ለአንድ ሮበርት ብሩስ የክላክማናንን መሬት ሲሰጥ በላቲን «የደም ዘመዳችን» ብሎ ይጠራዋል። ምን ዓይነት ዘመድ? ሰነዱ አይናገርም። ያ ቃል ለሩቅ የአጎት ልጅም፣ ከጋብቻ ውጭ ለተወለደም ሊባል ይችላል። አንዱ «ዘመዳችን ካለ ወንድሙ ነው» ብሎ ሲከራከር አይቻለሁ። የአገራችን ደብዳቤዎች ላይ «ወንድማችን» እና «ልጃችን» ስንት ዓይነት ሰው እንደተጠራበት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ ባልተከራከረ።

ከክላክማናን የኤርት ብሩሶች ወጡ፤ ከእነሱ የኪኔርድ ብሩሶች። ጀምስ ብሩስ በታኅሣሥ 1730 የተወለደው ስተርሊንግሺር ውስጥ ኪኔርድ ነው። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው። ኪኔርድ ወንድ ወራሽ አጥቶ ለሄለን ብሩስ ደረሰ። ሄለን ያገባችው የዉድኮክዴሉን ዴቪድ ሄይን ነው። ሄይ ሌላ ቤት፣ ሌላ ስም ነው። መሬቱን ለማግኘት ባልየው የሚስቱን ስምና አርማ ያዘ፤ ልጆቹም ብሩስ ተባሉ። በዚያ ዘመን ውርስ ሲጻፍ «ወራሹ፣ ወይም የወራሿ ባል፣ ስማችንንና አርማችንን ካልያዘ መሬቱ ይለፈው» የሚል ግዴታ ማስገባት የታወቀ ነው። ከዴቪድ ሄይ ዴቪድ ብሩስ ተወለደ፤ ከዴቪድ ብሩስ ጎንደር የደረሰው ጀምስ።

በእኛ አጠራር ብንጠራው ጀምስ ዴቪድ ዴቪድ ይሆናል። ብሩስ የሚለው በአባትም በአያትም ቦታ አይመጣም። በወንድ መስመር ከሄድን ሰውዬው ሄይ ነው። እሱ ራሱ በዘሩ በጣም የሚኮራ፣ ንጉሡን ዘመዴ የሚል ሰው ነበር፤ ኩራቱ ግን በአያቱ ሚስት፣ ማለትም በሴት አያቱ በኩል ነው የሚቆጠረው። ይህ ደግሞ ለጎንደር ሰው ምንም የሚያስነውር አልነበረም። ጎንደሮች ያጉቤ ብለው ይጠሩት እንደነበር እሱ ራሱ ጽፏል፤ ያዕቆብ ማለታቸው ነው፣ ጀምስ የያዕቆብ ስም ነውና። በገዛ ስሙ ጠሩት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከጀምስ በኋላ መሬቱ እንደገና ወደ ሴት፣ ወደ የልጅ ልጁ ወደ ሜሪ ኤልሳቤጥ መጣ። ያገባችው ቻርልስ ሌኖክስ ኩሚንግ እሱም ስሙን ጨምሮ ኩሚንግ-ብሩስ ተባለ። የኩሚንግ ቤት ራሱን ከጥንቶቹ ኮሚኖች ያስቆጥራል። ንጉሥ ሮበርት ከመንገሡ ሳምንታት በፊት፣ በየካቲት 1306፣ ደምፍሪስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰዎቹ ጋር ሆኖ የገደለው ባላንጣው ጆን ኮሚን ነበር። አምስት መቶ ዓመት ቆይቶ ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰረዝ ተገናኙ።

የእነሱ ልጅ ኤልሳቤጥ ሜሪ ደግሞ በ1841 ጀምስ ብሩስ የሚባል ሰው አገባች። አዎ፣ ሌላ ጀምስ ብሩስ፤ ስምንተኛው የኤልጂን ኤርል። በ1860 የቤጂንግን የበጋ ቤተ መንግሥት እንዲቃጠል ያዘዘው እሱ ነው። ይህን ሰው ከተጓዡ ጋር አደባልቆ «ዓባይን ያየው ብሩስ ቻይናን አቃጠለ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ አትደነቁ። ተጓዡ የሞተው በ1794 ነው። የዚህ ኤርል አባት ሰባተኛው ኤልጂን፣ ቶማስ ብሩስ፣ ከ1801 ጀምሮ የጥንቱን የአቴና ቤተ መቅደስ የፓርተኖንን ቅርጾች ያስነቀለውና በ1816 ለብሪታንያ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ የሸጠው ነው። ኤልጂን ማዕረጉ፣ ብሩስ የቤቱ ስም።

አንድን ብሩስ በትክክል ለማወቅ የምትሹ ካላችሁ፣ ከቤተሰብ ስሙ አትነሱ፤ ከመሬቱ ተነሱ። ስኮትላንዳዊ ባላባት በግዛቱ ነው የሚጠራው፤ ሰነድ ላይ «ኪኔርድ» ብቻ ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ የእናትን ስም ያዙ። የስኮትላንድ መዝገብ እዚህ ላይ ቸር ነው፤ ያገባች ሴት በትውልድ ስሟም ትጻፋለች። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የሚጀምረው ጥር 1 ቀን 1855 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ የወላጆችን ዕድሜና የትውልድ ቦታ ጭምር ይጠይቅ ነበር፤ ለመዝጋቢዎቹ ስለከበደ በዓመቱ ተቀነሰ። በ1855 የተወለደ ሰው ያገኘ ዕድለኛ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የአጥቢያ መዝገብ ነው፤ ጥንታዊው ከ1553 ይጀምራል፣ ብዙው ግን ጎዶሎ ነው። የመሬት ዝውውር ከ1617 ጀምሮ ለብቻው ይመዘገባል፤ የአጥቢያው መዝገብ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚያድነው ይህ ነው።

ሰው የሚሳሳተው በተለይ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አጻጻፍ ነው፤ ብሩስ፣ ብሩይስ፣ ብሮይስ እየተባለ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሦስት መልክ ሊይዝ ይችላል፤ በአንዱ ብቻ የፈለገ ግማሹን ያጣል። ሁለተኛው የመጀመሪያ ስም ነው። በልማዱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በአባቱ ይሰየማል። ስለዚህ አራት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን በአያቱ ስም ይጠሩና በአንድ አጥቢያ አራት ጀምስ ብሩስ፣ ሁሉም እኩያ፣ ታገኛላችሁ። ቀን ሲገጥም «አገኘሁት» ማለት ሞኝነት ነው፤ የእናቲቱ ስምና መንደሩ ካልገጠሙ አላገኛችሁትም።

የታወቁት ሌሎቹስ? በ1887 የማልታ ትኩሳትን ባክቴሪያ ያሳወቀው ሐኪም ዴቪድ ብሩስ የተወለደው ሜልበርን ነው። ብሩሴሎሲስ፣ የከብት ሐኪሞቻችን በውርጃ የሚያውቁት በሽታ፣ በእሱ ተሰየመ። የከብት በሽታ ከሆነው ከገንዲ ተሐዋስያን አንዱም ስሙን ይዟል፤ በእርግጥ የኢትዮጵያን ከብት ይበልጥ የሚፈጁት ሌሎቹ ሁለቱ ዝርያዎች ናቸው። ከ1902 እስከ 1904 የስኮትላንድን የአንታርክቲካ ጉዞ የመራው ዊልያም ስፒርስ ብሩስ ለንደን ተወልዷል። ከ1875 እስከ 1881 የሚሲሲፒ ሴናተር የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ብላንሽ ብሩስ በቨርጂኒያ በባርነት የተወለደ ነው፤ ስሙ የእናቱ የፖሊ ብሩስ ነው፣ አባቱ ግን ፐርኪንሰን የሚባል ባሪያ አሳዳሪ። ቀልደኛው ሌኒ ብሩስ ትክክለኛ የቤተሰብ ስሙ ሽናይደር ነበር። ብሩስ ሊ ደግሞ ሊ ነው የቤተሰቡ ስም፤ ብሩስ የራሱ መጠሪያ ብቻ ነው። ከዝርዝሩ ይውጣ።

ተጓዡ ብሩስ ከኢትዮጵያ የወሰደው አንድ ተክል አለ፤ ለደም ተቅማጥ የሚሆነው ዋጊኖስ። ሳይንሳዊ ስሙ በእሱ ብሩሲያ ተባለ። በ1819 ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች፣ ፔሌቲዬና ካቫንቱ፣ ከአንድ ቅርፊት መራራ መርዝ አወጡና፣ ቅርፊቱ የዋጊኖስ መስሏቸው፣ ብሩሲን አሉት። ቅርፊቱ ግን ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ ከሚገኝበት የሕንድና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ ብሩሲን ነው፤ ዋጊኖስ ውስጥ ግን የለም።