«ኔትወርክ ኦንላይን ታርጌት» ምንድን ነው?

አሁንም ያው ምክር ሲዞር አየሁ፤ ሊኑክስ ማሽን ሲነሳ ፕሮግራሞችን በተራ ስለሚያስነሳው ስለ ሲስተምዲ ነው። አንዱ «ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ የኦፕንቪፒኤን ሰርቨሬ አይነሳም፣ በእጄ ሳስነሳው ግን ምንም አይለውም» ብሎ ይጠይቃል። መላሹም ፈጠን ብሎ «አፍተር ኔትወርክ ታርጌት የሚል መስመር ጨምር፣ ኔትወርኩ እስኪመጣ ይጠብቅልሃል» ይለዋል። ኧረ አይጠብቅም!

ሲስተምዲ ላይ ታርጌት ማለት ማሽኑ ሲነሳ የሚደረስበት ደረጃ ነው። «ኔትወርክ ታርጌት» ተደረሰ ማለት ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ተነሳ ማለት ብቻ ነው። አይፒ (የማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ) ተገኘ ማለት አይደለም፤ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው) መለሰ ማለትም አይደለም። እንዲያውም ዋናው ጥቅሙ ማሽኑ ሲዘጋ ነው፦ ቅደም ተከተሉ ስለሚገለበጥ ቪፒኤኑ ኔትወርኩ ከመውረዱ በፊት በሥርዓት ይቆማል።

የጠያቂው ሎግ ላይ ያለው «ካኖት አሳይን ሪኩዌስትድ አድሬስ» (የተጠየቀውን አድራሻ መስጠት አልተቻለም) ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። የኦፕንቪፒኤን ኮንፊጉ (የቅንብር ፋይሉ) ውስጥ «ሎካል» ብሎ ሰርቨሩ የሚያዳምጥበትን አንድ አይፒ ሰጥቷል፣ ሰርቨሩ ሲነሳ ግን ያ አይፒ የኔትወርክ ካርዱ ላይ ገና አልተቀመጠም። በእጁ ሲያስነሳው አይፒው ደርሷል፣ ስለዚህ ይሠራል። የሚፈልገው «ኔትወርክ ኦንላይን ታርጌት» ነው።

እዚህ ላይ «እሱንም አፍተር ላይ ጽፌዋለሁ፣ ለውጥ የለም» የሚል አይጠፋም። አፍተር ተራ ማስያዣ ነው እንጂ መጥሪያ አይደለም። ግብዣ ቤት በር ላይ «የክብር እንግዳው ከገባ በኋላ ትገባላችሁ» ተባላችሁ እንበል። እንግዳውን ማንም ካልጠራው የሚጠበቅ ሰው የለም፣ ሰተት ብላችሁ ትገባላችሁ። የሚጠራው «ዋንትስ» የሚለው መስመር ነው፤ ሁለቱም ይጻፉ። ተጠርቶም መድረሱን አይቶ የሚናገር በረኛ ያስፈልጋል። በረኛው «ዌይት ኦንላይን» የሚባለው ሰርቪስ ሲሆን ኔትወርክ ከሚያስተዳድሩት ሶፍትዌሮች ኔትወርክማናጀርም ሲስተምዲ ኔትወርክዲም የየራሳቸው አላቸው። ማሽኑን የሚያስተዳድረው የትኛው እንደሆነ አይታችሁ የእሱን በረኛ ኢኔብል አድርጉ (ማሽኑ ሲነሳ እንዲሠራ ፍቀዱለት)፣ ያለዚያ እንግዳው ሳይመጣ «ገብቷል» ይባላል። በረኛውም ለዘላለም አይቆምም፤ የኔትወርክዲው ካልተቀየረ 120 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል፣ ቪፒኤኑም ያለ እንግዳው ይገባል።

ለዚህ ነው ሰርቪሱ ሲወድቅ እንደገና የሚያስነሳው «ሪስታርት» የሚለው መስመርም የሚያስፈልገው። ግን «ሪስታርት ኦልዌይስ» ብቻውን አይበቃም። በዲፎልት በሙከራዎቹ መካከል ያለው እረፍት 100 ሚሊሰከንድ ነው፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ከ5 ጊዜ በላይ ማስነሳት አይፈቀድም። ስለዚህ ዐይናችሁን ሳትጨፍኑ አምስቱም ያልቃሉ፣ ሲስተምዲም እጁን ይሰበስባል። እረፍቱን የሚወስነውን «ሪስታርትሴክ»ን 5 ወይም 10 ሰከንድ አድርጉት። «ሎካል»ን ማንሳት ከተቻለማ ችግሩ ከሥሩ ይነቀላል፤ ማሽኑ ብዙ አይፒ ካለውና በዩዲፒ (ግንኙነት ሳይመሠርት ዳታ በሚልክ ዘዴ) የሚሠራ ከሆነ ግን መልሱ ጥያቄው በመጣበት አይፒ እንዲወጣ የሚያደርገውን «መልቲሆም» የሚለውን የኦፕንቪፒኤን መስመር አትርሱ።

ደግሞ ኦንላይን ማለት ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም፣ ሰዓቱ ልክ ነው ማለትም አይደለም። እንደ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ያሉ ሰዓት የሚያስቀጥል ባትሪ የሌላቸው ቦርዶች ሲነሱ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ደህናውን የቪፒኤን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) «ጊዜው ገና ነው» ብለው ይመልሱታል። ለእነሱ ሰዓቱ እስኪስተካከል የሚያስጠብቅ «ታይም ሲንክ ታርጌት» አለ፤ እሱም የራሱ ጠባቂ ሰርቪስ ኢኔብል ካልተደረገ ስም ብቻ ነው።