«የገንስሊንገር ኢፌክት» ምንድን ነው?

የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ይህቺን ትዕይንት ያውቃታል። አቧራማ መንገድ፣ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ሰዎች፣ ከመስኮት ጀርባ አጮልቆ የሚያይ ሕዝብ። ወሮበላው ቀድሞ እጁን ወደ ሽጉጡ ይሰዳል። አክተሩ ዘግይቶ ይመዛል፣ ግን ቀድሞ ይተኩሳል። እኛ ሰፈር ይሄ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም፤ «አክተር አይሞትም» ተብሎ ያልፋል።

ነገሩን የምር የያዘው ሰው ኒልስ ቦር ነው። አዎ፣ ያው የአቶሙ ቦር፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ዴንማርካዊ። ሰውየው ለካውቦይ ፊልም ሟች ነበር። ኮፐንሃገን ውስጥ አብረውት ከሚሠሩ ወጣት ሳይንቲስቶች ጋር ሲኒማ ይገባል፣ ሲወጣ ደግሞ ያየውን ያብላላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ወሮበላው ቀድሞ ስለሚመዝ መቼ እንደሚመዝ መወሰን አለበት፣ ውሳኔ ደግሞ ያንቀራፍፋል። አክተሩ ጨዋ ስለሆነ ቀድሞ አይመዝም፤ ስለዚህ የሚወስነው ነገር የለውም፣ የሌላኛውን እጅ ሲያይ የእሱ እጅ በደመ ነፍስ ይወረወራል። ክርክሩ በወሬ አላበቃም። የመጫወቻ ሽጉጥ ተገዛና ተሞከረ፣ ቦርም እንደ አክተሩ ሁለተኛ እየመዘዘ ወጣቶቹን «ገደላቸው»። ከእነሱ አንዱ የነበረው ጆርጅ ጋሞው ይህን ታሪክ እየሳቀ ሲያወራው ኖሯል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ሙከራ ሳይሆን ጨዋታ ነው። ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚመዘው አንድ ሰው ከሆነ፣ ያሸነፈው ሐሳቡ ይሁን የሰውየው ፈጣን እጅ በምን ይታወቃል? ቦታ መቀያየር ነበረባቸው።

ደህናው ሙከራ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፣ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድሩ ዌልችማን መሪነት። ሽጉጥ የለም፣ ቁልፎች ብቻ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ቁልፎቹን በተሰጠው ቅደም ተከተል ቀድሞ ተጭኖ የጨረሰ ያሸንፋል። ብልሃቱ ያለው «ጀምሩ» የሚል ምልክት አለመኖሩ ላይ ነው። ወይ ራስህ ወስነህ ትጀምራለህ፣ ወይ ሌላው ሲጀምር አይተህ ትከተላለህ፤ በዚህ መንገድ ያው አንድ ሰው አንዴ ወሮበላ አንዴ አክተር ይሆናል። ቦር የዘለላት ነገር ይህቺ ነበረች።

ውጤቱስ? ቦር ግማሽ ልክ ነበር። ሰው ለሌላው አጸፋ ሲሰጥ እጁ፣ በራሱ ውሳኔ ሲነሳ ከሚንቀሳቀሰው በአማካይ በ21 ሚሊ ሰከንድ ይፈጥናል፣ 10 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የገንስሊንገር ኢፌክት የሚባለው ይሄው ነው። ገንስሊንገር ማለት ያው ሽጉጡን ወገቡ ላይ ታጥቆ የሚዞረው የፊልሙ ተኳሽ ነው።

ግን አክተሩን አያድነውም። የሌላውን እጅ መንቀሳቀስ አይቶ፣ አእምሮ ተረድቶ፣ የራስን እጅ እስኪያስነሳ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። 200 ከስረህ 21 ታተርፋለህ። የቀረው 180 ገደማ ዕዳ ነው። ይህ ጊዜ አንድ ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ነው ብለን እንዳንንቀው፣ የዚያን ዘመን የሽጉጥ ጥይት በሰከንድ 250 ሜትር ያህል ይሄድ ስለነበር በ180 ሚሊ ሰከንድ 45 ሜትር ይጓዛል፣ በፊልሙ መንገድ ላይ የቆሙት ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የዚህን ግማሽ እንኳ አይራራቁም። አክተሩ ሽጉጡን ቀና ሲያደርግ ጥይቱ ደርሷል።

ታዲያ አጸፋው ለምን ይፈጥናል? አንዱ ግምት፣ በራስ ውሳኔ የሚነሳ እንቅስቃሴና ለውጭ ነገር የሚሰጥ አጸፋ በአእምሮ ውስጥ የሚሄዱበት መንገድ ይለያያል የሚል ነው። ይሄ ከካውቦይ ይልቅ ሐኪሞችን ይስባል። እንቅስቃሴን የሚያንቀራፍፈው የፓርኪንሰን ሕመም ያለበት ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ኳስ ለማንሳት ሲታገል፣ የተወረወረለትን ኳስ ግን ቀለብ ሊያደርግ ይችላል።

ወደ ሽጉጡ ስንመለስ፣ የፊልሙን የሚመስል እውነተኛ ፍልሚያ ብርቅ ነው። ታዋቂው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 1865 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ በስፕሪንግፊልድ አደባባይ የሆነው ነው። ዋይልድ ቢል ሂኮክና ዴቪስ ተት፣ በቁማር ዕዳ በተያዘች የኪስ ሰዓት ተጣልተው፣ 70 ሜትር ያህል ተራርቀው ቆሙ። ሁለቱም የተኮሱት እኩል በሚባል ቅጽበት ነው። ተት ሳተ፣ ሂኮክ አልሳተም። በዚያ ርቀት ላይ ከፍጥነት ይልቅ ዒላማ ነው የሚያድነው።

ሂኮክ ራሱ የሞተው 11 ዓመት ቆይቶ ዴድውድ በምትባል ከተማ ነው። ካርታ እየተጫወተ ሳለ ጃክ ማኮል የሚባል ሰው ከኋላው መጥቶ ጭንቅላቱን መታው። አይቶ አጸፋ የሚሰጥበት ነገር አልነበረም።