«ምች ነው ልጄ፣ ያልፋል»፦ በመውለጃ ወር በሰው አገር የሚያሳስቱን አባባሎች

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ እናቴ አዲስ አበባ ነበረች፤ ምክሯ የሚደርሰኝ በስልክ ነው። በ35ኛው ሳምንት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት የእርግዝና ደም ግፊት ያዘኝ። ያኔ የሰማኋቸውን አባባሎች፣ ወራቸው የገባ እህቶች ሲደውሉልኝ ዛሬም እሰማቸዋለሁ።

«ራስ ምታቱ ምች ነው፣ እብጠቱም የእርግዝና ነው»

እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። መስኮት ሥር የተከልኩትን ዳማከሴ አሽቼ አሸተትኩ፣ ግንባሬንም ቀባሁ። ሁለት ቀን አልለቀቀኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጋብቻ ቀለበቴ በሳሙናም ቢሆን ከጣቴ አልወጣ አለ፤ ዓይኔ ፊት ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ይታየኝ ጀመር። ጎረቤቴ የአባቷን የግፊት መለኪያ ይዛ መጣች፤ 168 በ112።

እውነታው፦ በመጨረሻው ወር እግር ቢያብጥ የተለመደ ነው። ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጡ፣ ታይለኖል ያላስታገሰው ራስ ምታት ሲኖር፣ ዓይን ሲደበዝዝ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ሲያም ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊትሽ 140 በ90 ከደረሰ የዚያኑ ቀን ለሐኪምሽ ደውይ፤ 160 በ110 ከሆነ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። በሽታው ከእንግዴ ልጁ ይነሳና ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል፤ ሳይታከም ከቆየ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ያመጣል። ዳማከሴ ለጉንፋን ይሁን፤ ይህን ግን አይመልሰውም።

«ምንም አላመመኝም፣ ክትትሉ ይቅርብኝ»

ግፊት ሳያምም ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው በየቀጠሮው ክንድሽን የሚለኩሽና ሽንት የሚቀበሉሽ። የሥራ ሰዓት ቢነካም ቀጠሮ አታሳልፊ።

«ኢንሹራንስ የለኝም፣ ይመልሱኛል»

አይመልሱሽም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች፣ ምጥ የያዛትን ጨምሮ፣ የመጣን ሰው መክፈል መቻሉንና የመኖሪያ ወረቀቱን ሳያዩ እንዲመረምሩና እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ሒሳቡ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ገቢዋ ዝቅተኛ ለሆነ ሴት ግን፣ ወረቀት ባይኖራትም፣ ወሊድን የሚሸፍን የድንገተኛ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) አለ፤ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ጠይቂ።

«ባለቤቴ ያስተረጉምልኛል»

ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ «ዓይንሽ ፊት የሚታይሽ ነገር አለ?» ስትል ባለቤቴ ደንግጦ ነበርና «ደክሟት ነው» ብሎ መለሰላት። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እኔን እንዳያስፈራኝ ብሎ ነው። ነርሷ በጎማ የሚገፋ ስክሪን አምጥታ አማርኛ አስተርጓሚ ስትከፍትልኝ ነው ብልጭታውን በራሴ አፍ የተናገርኩት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ስትገቢ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በዪ፤ ይበቃል።

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም»

«ቶሎ መውለድ አለብሽ» ሲሉኝ ያስለቀሰኝ ይህ አባባል ነው። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ በማህፀን የሚጨመር እያንዳንዱ ሳምንት ለሳንባው ይጠቅማል፣ ስለዚህ የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። የዚህ በሽታ ዋና መፍትሔም መውለድ ነው፤ ከባድ ምልክት ካለ ከ34ኛው ሳምንት በኋላ ብዙ ጊዜ አይጠበቅም። እንዳልንቀጠቀጥ በጉሉኮስ መስመር የሰጡኝ ማግኒዝየም ሰውነቴን እንደ እሳት አቃጠለው፤ ያልፋል፣ አትፍሪው።

«ከወለድሽ በኋላ አለቀ»

በስድስተኛው ቀን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለ ገንፎ ይበላ ነበር። ራሴን ሲያመኝ ጫጫታው ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ጓዳ ገብቼ ስለካ 158 በ104። ግፊቱ ከወሊድ በኋላም፣ አንዳንዴ እስከ ስድስት ሳምንት፣ ሊነሳ ይችላል። ደውዬ መጀመሪያ ያልኩት «ከወለድኩ ስድስት ቀኔ ነው» ነበር፤ ያን ሲሰሙ ወረፋ ሳልይዝ አስገቡኝ።