ሁሉንም ያደረገው መሬቱ ነውን? ስለ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኋላ ዩናይትድ ስቴትስን የመሠረቱት አሥራ ሦስቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እርስ በርሳቸው ያን ያህል የተለያዩት ለምንድን ነው ሲባል፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የሰሜኑ መሬት ድንጋያማ ስለነበር ሕዝቡ ወደ ንግድ ዞረ፣ የደቡቡ ለምና ሞቃት ስለነበር ባርነት ነገሠ። የመሬቱ ድርሻ ትልቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በመሬቱ ላይ ከሚላከከው ውስጥ ብዙው የሰው ሥራ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የደቡቡ ሀብት ጥጥ ነበር»

በቅኝ ግዛቱ ዘመን አልነበረም። ጥጥ በደቡቡ የገነነው ኤሊ ዊትኒ በ1793 የጥጥ መዳመጫ መሣሪያውን ከሠራ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የኖሩት በትምባሆ፣ የሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ ደግሞ በሩዝና ሰማያዊ ቀለም በሚወጣበት የኢንዲጎ ተክል ነበር። ትምባሆ አፈሩን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያደክማል፤ ስለዚህ ባለእርሻው ዘወትር አዲስ መሬት ይፈልጋል፤ አዲስ የተባለው መሬት ደግሞ የነባሮቹ ሕዝቦች ነበር። የጄምስ፣ የዮርክ፣ የራፓሃኖክና የፖቶማክ ወንዞች ሰፊና ጥልቅ በመሆናቸው፣ ከእንግሊዝ የመጣ መርከብ እስከ እርሻው ዳር ዘልቆ ትምባሆውን ይጭን ነበር። በዚህም የተነሳ ቨርጂኒያ እንደ ቦስተን ያለ ትልቅ የወደብ ከተማ ሳይኖራት ለረጅም ጊዜ ቆየች። ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት አሌክሳንድሪያም በ1749 የተቆረቆረችው በፖቶማክ ዳር፣ ከአንድ የትምባሆ መጋዘን አጠገብ ነው።

«ሰፋሪዎቹ ያገኙት ባዶ ምድር ነው»

በ1620 በዛሬዋ ማሳቹሴትስ ፕሊመዝ የደረሱት እንግሊዛውያን የሰፈሩት ፓቱክሴት በሚባለው የነባሮቹ የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ላይ ነው። ነዋሪዎቹን ከጥቂት ዓመታት በፊት የተዛመተ ወረርሽኝ ፈጅቷቸው ነበር፤ ማሳው ግን ተመንጥሮ ቆይቷቸዋል። በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ያሳያቸውም የዚያው መንደር ተወላጅ ቲስኳንተም ነው። ሌሎች በላባቸው ያቀኑትን ማሳ «ድንግል መሬት» ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

«ባርነትን ያመጣው የደቡቡ አየር ነው፤ ሰሜኑ ንጹሕ ነበር»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ማሳቹሴትስ ለባርነት በሕጓ ቦታ የሰጠችው በ1641፣ ከቨርጂኒያ ቀድማ ነው። በኒውዮርክ ከተማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአምስት ነዋሪዎች አንዱ ገደማ በባርነት የተያዘ ነበር፤ በ1991 በማንሃተን ለሕንጻ መሠረት ሲቆፈር የእነርሱ መካነ መቃብር ተገኝቷል። የኒው ኢንግላንድ (እንደ ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ያሉት ሰሜናዊ ቅኝ ግዛቶች) ነጋዴዎች ኮድ ከተባለው ዓሣ ያማረውን ለስፔንና ለፖርቱጋል ይሸጡ፣ የተረፈውን ዝቅተኛ ዓይነት ደግሞ በካሪቢያን የስኳር እርሻዎች በባርነት ለሚለፉት ሰዎች ቀለብ ይልኩ ነበር። መርከቦቹ ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ጥቁርና ወፍራም ፈሳሽ) ጭነው ይመለሳሉ፤ ከሞላሰሱ ሩም የተባለው የአልኮል መጠጥ ይወጣል፤ የሮድ አይላንድ ነጋዴዎች ያንን ሩም ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወስደው ሰው ይገዙበታል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ፤ ጆርጂያ። በ1733 የተመሠረተችው ይህች ቅኝ ግዛት በ1735 ባርነትን በሕግ ከለከለች። ረግረጉም፣ ወባውም፣ ሙቀቱም ከጎረቤቷ ከሳውዝ ካሮላይና የሚለይ አልነበረም። ክልከላው በ1751 ሲነሳ በባርነት ጉልበት የሚለሙ የሩዝ እርሻዎች በጠረፉ ተስፋፉ። አየሩም አፈሩም ያው ነበር፤ የተለወጠው ሕጉ ነው፤ ያስለወጡትም ትርፍ ያጓጓቸው ሰዎች ናቸው። ረግረጉን መንጥረው፣ ግድብና ቦይ ሠርተው ማሳ ያደረጉት ግን በባርነት የተያዙት ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሩዝ ከሚለማባቸው የምዕራብ አፍሪካ አካባቢዎች ከነሙያቸው የተወሰዱ ነበሩ።

«የኒው ኢንግላንድ ሰው ሁሉ መርከበኛ ነበር»

አብዛኛው ቤተሰብ ገበሬ ነበር። የጥንቱ የበረዶ ግግር በማሳው የተወውን ድንጋይ እየለቀመ አጥር ይሠራል፣ በቆሎ ይዘራል፣ ከብት ያረባል። ለውጭ ገበያ የሚተርፍ ስንዴ የነበራቸው እንደ ፔንሲልቬኒያና ኒውዮርክ ያሉት መካከለኛዎቹ ቅኝ ግዛቶች ናቸው። ስንዴው በወንዝ ዳር ወፍጮዎች ተፈጭቶ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ወደቦች ይጫን ነበር፤ ከዱቄቱም ዋና ገበያዎች አንዱ እነዚያው የካሪቢያን የስኳር ደሴቶች ነበሩ።