ለባሕር የሚሆን የተልባ ጀልባ፦ ዋናው ጥያቄ ሬዚኑ ነው

ዛሬ በየወደቡ ታስረው ከሚታዩት የመዝናኛ ጀልባዎች አብዛኞቹ ከፋይበር ግላስ የተሠሩ ናቸው። ፋይበር ግላስ በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንጨት ጀልባን ከገበያ አስወጣ። አይዝግም፣ አይነቅዝም፣ ዋጋውም ደህና ነው። ጣጣው የሚመጣው ጀልባው ሲያረጅ ነው። የመስታወት ክሩ የሚነከርበት ሬዚን የተባለው ፈሳሽ ፕላስቲክ አንዴ ከጠጠረ ተመልሶ አይቀልጥም፤ መስታወቱን ከውስጡ ነጥሎ ማውጣትም ከባድ ነው። ስለዚህ አሮጌው ጀልባ ይፈጫል፣ ይቀበራል፣ ወይም የትም ተጥሎ ይቀራል። ፈረንሳይ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያረጁ የመዝናኛ ጀልባዎችን የማፍረስ ኃላፊነት በአምራቾቹ ላይ የጣለችው ለዚህ ነው።

በመስታወቱ ምትክ የዕፅዋት ቃጫ የማስገባት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ሄምፕ፣ ጆንያ የሚሠራበት ጁትና ሲሳል ተሞክረዋል። ለባሕር ግን ተልባ ከሁሉም ይቀድማል። የተልባ ቃጫ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 1.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መስታወት 2.5 ግራም ገደማ ነው። ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ግትርነቱ ከመስታወት አያንስም። ንዝረትን ደግሞ ከመስታወት በተሻለ ያበርዳል። እኛ አገር ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው። ለቃጫ የሚዘራው ዓይነት ያው ተክል ሆኖ አገዳው ረዘም ያለ፣ ቅርንጫፉ ያነሰ ነው። በብዛት የሚመረተውም በሰሜን ፈረንሳይ፣ በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ ነው።

ስለ እነዚህ ጀልባዎች ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ቃጫውን ነው። የጀልባውን ዕድሜ የሚወስነው ግን ቃጫው የሚነከርበት ሬዚን ነው። የቁስ ምርጫው በአብዛኛው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ነገሩ ከውሃ ይጀምራል። መስታወት ውሃ አይጠጣም፤ የተልባ ቃጫ ግን ይጠጣል። ደረቅ በሚመስል መጋዘን ውስጥ እንኳ ከክብደቱ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይይዛል። ውሃ ሲገባበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ቃጫው ከሬዚኑ እየተላቀቀ ይሄዳል። በመሃል ክፍተት ይፈጠርና ውሃው እሱን ተከትሎ ጠለቅ ብሎ ይገባል። ስለዚህ ከሬዚኑ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ ውሃን መከልከልና ቃጫውን አጥብቆ መያዝ።

በጀልባ ፋብሪካ በብዛት የሚገኘው ሬዚን ፖሊስተር ነው። ርካሽ ነው፣ ሳይሞቅ ይጠጥራል። ግን ሞለኪውሉ የተያያዘበትን ሰንሰለት ውሃ ቀስ እያለ ይበጥሰዋል። ያረጀ ጀልባ ከታች ጉብ ጉብ ያለ ቁስል የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሲሠራበት የሚወጣው ስታይሪን የተባለ ኬሚካል ሽታም ለሠራተኛው ጤና ጥሩ አይደለም። ቪኒል ኤስተር ለውሃ ተጋላጭ የሆኑት ቦታዎቹ ጥቂት ስለሆኑ የተሻለ ይቋቋማል፤ ለዚህም ነው ብዙዎች ውጫዊውን ንጣፍ በሱ የሚሠሩት። ኢፖክሲ ከሦስቱ ውዱ ነው። ይሁንና ከዕፅዋት ቃጫ ጋር በደንብ ይጣበቃል፣ ውሃንም ይቋቋማል። ለተልባ ቀፎ (ለጀልባው ውጫዊ አካል) ምረጥ ብባል ኢፖክሲን ነው የምመርጠው።

ኢፖክሲ የነዳጅ ውጤት መሆኑ አንድ ቅሬታ ነበር። አሁን ከፊሉ ከዕፅዋት ይሠራል። ባዮዲዝል ሲመረት የሚተርፈው ግሊሰሪን ለኢፖክሲ ዋና ግብዓት የሚሆን ኬሚካል ይወጣዋል። ከካርቦኑ ከግማሽ በላይ የዕፅዋት የሆነ ኢፖክሲ ገበያ ላይ አለ። ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ከዕፅዋት ተሠራ ማለት አፈር ውስጥ ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ከጠጠረ በኋላ እንደ ማንኛውም ኢፖክሲ ነው።

ሌላው መንገድ ሲሞቅ የሚቀልጥ ፕላስቲክ መጠቀም ነው። ይህኛው ተመልሶ ሊቀረጽ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ቃጫው ገደብ ያበጃል። ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ቃጫው መጥቆርና መድከም ይጀምራል። 165 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠው ፖሊፕሮፒሊን ያልፋል። 220 ዲግሪ የሚፈልገው ናይለን ስድስት ግን አስቸጋሪ ነው። ፖሊፕሮፒሊንም የራሱ እንከን አለበት፤ ቅባት መሰል ስለሆነ ቃጫውን በቀላሉ አይይዝም፣ ማያያዣ ኬሚካል ይጨመርለታል።

ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፒኤልኤ ብዙ ሰው የሚጓጓለት ነው። ለባሕር ግን አልመክረውም። 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር የጀልባ ወለል ደግሞ እዚያ ሊደርስ ይችላል። ውሃም ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ መቆየት ያለበት ቀፎ ከሚበሰብስ ፕላስቲክ አይሠራም። ለጓዳ በር ወይም ለውስጥ መደርደሪያ ከሆነ ግን መሞከሩ አይከፋም።

በተግባር የታዩትን ጀልባዎች እንመልከት። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባንግላዴሽ ውስጥ ጁትና መስታወት ተቀላቅሎ የተሠራችው ታራ ታሪ የተባለች ትንሽ ጀልባ በሸራ እስከ ፈረንሳይ ተጉዛለች። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ብሪታኒ ጉዋላዝ የተባለች 7 ሜትር ባለ ሦስት ቀፎ ጀልባ ከተልባ፣ ከባልሳ እንጨትና ከቡሽ ተሠራች። ሬዚኗም ከፊሉ ከዕፅዋት የተገኘ ነበር። የጀርመን ብሬመኑ ግሪንቦትስ የተባለ ድርጅትም በተልባ ጀልባ ሠርቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠኝ የጣሊያኑ ሙከራ ነው። የሞንፋልኮኔው ድርጅት ኖርዘርን ላይት ኮምፖዚትስ 7.69 ሜትር የምትረዝም ኢኮሬሰር የተባለች የውድድር ጀልባ ከተልባና ኤሊየም ከተባለ ሬዚን ሠርቷል። ኤሊየም አርኬማ የተባለው የፈረንሳይ ኬሚካል ኩባንያ ምርት ሲሆን የአክሪሊክ ዘር ነው። ሲገዛ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ሳይሞቅ ይጠጥራል፣ ከዚያ በኋላም በሙቀት ወደ መነሻ ፈሳሹ ሊመለስ ይችላል። ማለትም የኢፖክሲን የአሠራር ቅለትና የሚቀልጥ ፕላስቲክን ጥቅም አንድ ላይ ያመጣል።

የትኛውም ሬዚን ቢመረጥ አሠራሩ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። የተልባው ጨርቅ መጀመሪያ ምድጃ ውስጥ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ፎርማው ላይ ይነጠፋል፣ በፕላስቲክ ይሸፈናል፣ ዳር ዳሩ ይታሸጋል፣ አየሩም በፓምፕ ይመጠጣል። ሬዚኑ በቱቦ ገብቶ ጨርቁን እያጠቆረ ሲሄድ በዓይን ይታያል። በቂ ያልደረቀ ቦታ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይቀራል፤ ያ አረፋ በኋላ የውሃ ማረፊያ ይሆናል።

ቀፎው ካለቀ በኋላም ጥንቃቄው ይቀጥላል። ለብሎን የተበሳ ቀዳዳና የተቆረጠ ጠርዝ የቃጫውን ጫፍ ያጋልጣሉ፣ ውሃም ቃጫውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀዳዳ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በራሱ በሬዚኑ ይደፈናል፣ ሲጠጥርም እንደገና በልኩ ይበሳል።