የመኪና ሻንሲ ማጠናከሪያ፦ በብሎን ወይስ በብየዳ?

ሻንሲ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ሁለት ሥራ አለው። ሊብሬ ላይ ቁጥር ነው። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ መኪናው የተቀመጠበት ብረት ነው። ይህ ብረት ሲደክም፣ ሲሰነጠቅ ወይም ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ሌላ ብረት ይታከልለታል። የሚታከለው ወይ በብሎን ይታሰራል ወይ ይበየዳል። ጋራዥ ደጃፍ ላይ ክርክሩ ሁልጊዜ «የቱ ይጠነክራል?» የሚል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሥር ገብቶ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። የሚጠናከረው ብረት ራሱ ምን ዓይነት ነው?

ሂሉክስ፣ ላንድክሩዘር ፒክአፕና አይሱዙ ኤንፒአር ከአካላቸው የተለየ ሻንሲ አላቸው። ሁለት ረጃጅም ወፍራም ብረቶች ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ በአግዳሚ ብረቶች ተያይዘው መሰላል ይመስላሉ። ጋቢናውና የዕቃ መጫኛው ከላይ ይታሰራሉ። ቪትዝ፣ ኮሮላና የድሮዋ ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ግን መሰላል የላቸውም። ወለሉ፣ ጣሪያው፣ የበሩ ምሰሶ፣ ሁሉም ቀጭን ላሜራ ነው፤ እርስ በርሱ ተበይዶ እሱው ራሱ ሻንሲ ይሆናል። የዚህ አሠራር ፈር ቀዳጅ እ.ኤ.አ. በ1922 የታየችው የጣሊያኗ ላንቺያ ላምብዳ ናት። በብዛት ከተመረቱት ደግሞ የ1934ቷ ሲትሮይን ትራክሽን አቫንት ትጠቀሳለች። ቮልስ ከሁለቱም ለየት ትላለች። ወለሏ ለብቻ፣ ቆቧ ለብቻ ተሠርቶ ዙሪያውን በብሎን ይታሰራል። ለዚህ ነው አሮጌ ቮልስ የሚያድሱ ሰዎች ቆቧን አንሥተው ጎን ላይ የሚያስቀምጡት።

ማጠናከሪያ የሚፈለገው ወይ ጭነት ለመሸከም ነው፣ ወይ መጠማዘዝን ለመቀነስ። ሁለቱ አይምታቱ። የጭነት መኪና መሰላል ሻንሲ ታስቦበት ትንሽ እንዲጠማዘዝ የተሠራ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌሎቹ መሬት እንዲይዙ ያግዛል። አንዱን ቦታ ብቻ ድርቅ ካደረጋችሁት፣ ጥምዘዛው ሄዶ ከድርቁ አጠገብ ይጠራቀማል። የቤት መኪና ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ጥምዘዛ ጠላት ነው። አካሉ የደከመ መኪና እንዳላችሁ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በአንዱ ጥግ ክሪክ አስገብታችሁ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ አንሡና በሩን ከፍታችሁ ዝጉት። ከዚህ በፊት በአንድ ጣት ይዘጋ የነበረው በር ግፊያ ከፈለገ፣ አካሉ ተጣሟል ማለት ነው።

ወደ ብሎን እንምጣ። ብዙ ሰው ብሎን የሚይዘው እንደ ምስማር ቀዳዳው ውስጥ በመቆሙ ይመስለዋል። ጥሩ የብሎን እስር የሚይዘው ግን በመጨመቅ ነው። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) የተጻፈበት የ12 ሚሊ ሜትር ብሎን በልኩ ሲጠብቅ፣ ሁለቱን ብረቶች ወደ 4 ቶን በሚጠጋ ኃይል ያጣብቃቸዋል። ጭነቱን የሚሸከመው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ጭመቁ ከላላ ብረቶቹ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ ክቡ ቀዳዳ ቀስ በቀስ እንቁላል ይሆናል። ምልክቱን በዓይን ታገኙታላችሁ። ሮንዴላው (ከብሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት) ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ይወጣል፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። ያኔ ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ቀዳዳው ራሱ ሄዷል።

ቀዳዳው የት ይበሳል የሚለውም ቀልድ አይደለም። የመሰላሉ ረጅም ብረት ብዙ ጊዜ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ቦይ ይመስላል፤ ቁም ግድግዳና የላይና የታች ከንፈር አለው። ትልቁን መጎተትና መጨመቅ የሚሸከሙት ከንፈሮቹ ናቸው። ስለዚህ የጭነት መኪና አምራቾች ከንፈሩ እንዳይበሳ ይከለክላሉ፤ ቀዳዳ ካስፈለገ ግድግዳው ላይ ነው። ብረቱ ሳጥን ሆኖ ውስጡ ክፍት ከሆነ ደግሞ ብሎኑን ዝም ብሎ አሻግሮ ማጥበቅ ሳጥኑን ያደቀዋል። ውስጡ ብሎኑን የሚያሳልፍ የብረት ቱቦ ይገባል፤ ጭመቁን ቱቦው ይቀበለዋል። ይህችን ቱቦ የሚዘሉ ጋራዦች ብዙ ናቸው።

ቤት መኪና ላይ በብሎን ከሚገጠሙት በጣም የታወቀው ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው ዘንግ ነው፤ የግራና የቀኙን የሾክ አብዞርበር አናት ያያይዛል። ብሎኖቹና ዳዶዎቹ (ብሎኑ ላይ የሚጠብቁት) ድሮም እዚያው ስላሉ መብሳት አያስፈልግም፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ብልጭልጭ ስለሆነም ይወደዳል። ጫፉ ላይ መታጠፊያ ያለውን ርካሹን ከገዛችሁ ግን ከጌጥ ብዙም አያልፍም፤ የሚታጠፍ ነገር መታጠፍን አይከላከልም። የማሰሪያ ጥራት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2024 ጂአር ያሪስ የተባለችውን የስፖርት መኪናውን ሲያሻሽል ያደረገውን ተመልከቱ። የፊት ሾክ አብዞርበሩን ከአካሉ ጋር የሚያስረውን ብሎን ከአንድ ወደ ሦስት አሳደገው። በዚያው ማሻሻያ የነጥብ ብየዳው 13 በመቶ፣ ማጣበቂያው ደግሞ 24 በመቶ ገደማ ጨመረ። አዎ፣ ሙጫም ሻንሲ ያጠናክራል።

ብየዳ ጌታ የሚሆነው ቀጭን ላሜራ ላይ ነው። ስስ ወለል ላይ ጥቂት ብሎን ብታስሩ ኃይሉ ሁሉ በጥቂት ቀዳዳዎች ላይ ይወድቃል። ረጅም ብየዳ ግን ያከፋፍለዋል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው አሜሪካ ውስጥ ከ1979 እስከ 1993 የተመረተው ፎርድ ሙስታንግ ነው። የፊትና የኋላ የሥር ብረቶቹ መሃል ላይ አይገናኙም፤ መሃሉን የያዘው ወለሉ ነው። ባለቤቶቹ ሁለቱን የሚያገናኝ ብረት ያስገባሉ። በብሎን የሚገጠምም በብየዳ የሚገጠምም ይሸጣል፤ መኪናዋን በደንብ የሚነዱት የሚመርጡት የሚበየደውን ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን አይረሳ፤ ሲበየድ መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ በትክክል አርፎ መሆን አለበት። በክሪክ ተንጋዶ ከተበየደ እንደተንጋደደ ይቀራል።

ወፍራሙ የጭነት ሻንሲ ላይ ግን ብየዳን እፈራዋለሁ። ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ የያዝኩት ፒክአፕ የባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ስፕሪንግ) መያዣ አጠገብ ተሰነጠቀ። በያጁ አራት ማዕዘን ላሜራ ቆርጦ ለጠፈና ዙሪያውን በየደው። ሲያዩት ያምራል። ሁለት ወር ሳይሞላ አዲስ ስንጥቅ ወጣ፤ ልክ ላሜራው ባለቀበት መስመር፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። ላሜራው አልተነካም፤ የተሰነጠቀው አጠገቡ ያለው የድሮው ብረት ነው። ሙቀቱ የብየዳውን ዳር ባሕርይ ይቀይረዋል፤ ላሜራው ቀጥ ብሎ ሲያልቅ ደግሞ ድርቁና ልሉ ብረት አንድ መስመር ላይ ይጋጠማሉ። ባለሙያ ቢሆን መጀመሪያ የስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ ጉዞውን ያስቆመዋል። ላሜራውን በሰያፍ ይቆርጠዋል። ሻንሲውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ብየዳም አያደርግም። በሙቀት የጠነከረ ብረት ያላቸው ከባድ መኪኖች ላይ ደግሞ የአምራቹ መመሪያ ካልፈቀደ እሳት ባይነካቸው ይመረጣል።

ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ አለዚያ የሞተሩ ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል። የብየዳው ማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ ገመዱ) ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይቆነጠጣል፤ ራቅ ካለ የኤሌክትሪክ ጅረቱ በኩሽኔታ በኩል አልፎ ሊጎዳው ይችላል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳት ያመጣል። ከውስጥ የተቃጠለው ቀለም ካልታደሰ ዝገቱ ከማይታየው ወገን ይጀምራል።

ሁለቱን አብረው የሚያሠሩም አሉ። የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን የውድድር መኪና ሲገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቀው መከላከያ ቱቦ እንዴት እንደሚታሰር ደንብ አለው። የዋናዎቹ ቱቦዎች እያንዳንዱ እግር ቢያንስ በሦስት የ8 ሚሊ ሜትር 8.8 ብሎን ይታሰራል። ብሎኑ የሚያርፍበት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ደግሞ ከአካሉ ጋር ይበየዳል። ብየዳው ጭነቱን በስሱ ብረት ላይ ያሰራጫል፣ ብሎኑ የሚፈታ ያደርገዋል።

መፈታቱ እኛ አገር ዋጋ አለው። መኪና ሲሸጥ ገዢው ሥር ገብቶ የብየዳ ምልክት ካየ መጀመሪያ የሚለው «ይሄ ግጭት አለበት» ነው፤ ዋጋው እዚያው ይወርዳል። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ የነካ ብየዳ ወይም ግራይንደር ደግሞ ስም ማዛወር ላይ ጣጣ ያመጣል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ያሉትን አሮጌዎች ማቆየት ግድ ሆኗል። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ብዙውን ጊዜ ወለሉ ሥር ነው፤ እዚያ አካባቢ በያጅ ባይጠጋ ይሻላል።

በብሎን ካስገጠማችሁ፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ መልሳችሁ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ለኩት። ከዚያ በነጭ ቀለም ከዳዶው ወደ ብረቱ የሚሻገር ቀጭን መስመር አሥምሩ። መኪናውን በምታሳጥቡ ቁጥር አንዴ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። መስመሩ ካልገጠመ ዳዶው ዞሯል።